የአህዪት ልጅና የአፋፉ ምርጥ ትምህርት ቤት

አንድ ጊዜ ቀበሮ አህዪትን በደለቻት። በደሉ በጀርባዋ ቢሆን ኖሮ አህዪት ከቁም ነገር አትጥፈውም ነበር፤ ጀርባዋ በደል ከለመደ ስንት ዘመኑ! የተበደለችው ግን በልጇ ነው። በልጅ የመጣ በደል ደግሞ አቧራ ላይ ተንከባለው አያራግፉትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አህዪት ሦስት ወልዳለች። ሁለቱ ወንዶች ገና ጥርሳቸውን ሳይለውጡ ጭነት ገቡ፤ አንዱ እህል፣ አንዱ ጨው ሲያመላልስ ይውላል፤ መንገዱን ከመልመዳቸው የተነሣ እንቅልፍ ቢወስዳቸውም አይስቱትም። ሦስተኛዋ፣ የማኅፀኗ ማሳረጊያ፣ ቡላ ጠጉር ያላት ቡሊት ናት። ቡሊት በተወለደች ቀን አህዪት ጆሮዋን ላሰችላትና፣ «ይቺን ግን አስተምራታለሁ» አለች። ባሏ አጠገቧ ቆሞ አንገቱን ነቀነቀ። እሱ ለሁሉም ነገር አንገቱን ነው የሚነቀንቀው። ከጅብ እንኳ አያስጥልም የተባለ ባል፣ በልጅ ትምህርትማ ምን ይጠበቅበታል!

ቡሊት አንደኛ ደረጃን እሾላው ጥላ ሥር ጨረሰች። ደግ ሣር ከክፉ ሣር፣ ወዳጅ ኮቴ ከጠላት ኮቴ መለየት ቻለች። ሁለተኛ ደረጃ የሚሉት ደግሞ ዱካ ማንበብ፣ ነፋስ ማሽተት፣ በበጋ ውሃ ማግኘት የሚባል ከባድ ከባድ ትምህርት ያለበት ነው። በዚያ አገር ይኼን የሚያስተምሩ ሁለት ትምህርት ቤቶች ነበሩ።

አንዱ ወንዝ ዳር ያለው የየኔታ ኤሊ ትምህርት ቤት ነው። የኔታ የመጣውን ሁሉ ይቀበላሉ። እግር ያለው ይገባል፤ እግር የሌለው እባብም ከኋላ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። አጥር የለ፣ በር የለ። ሌላው ከገደሉ አፋፍ ላይ የተሠራው የእመት ቀበሮ ትምህርት ቤት ነው። በሩ ላይ «ለተመረጡ ብቻ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። በዓመት አሥራ ሁለት ልጅ ይቀበላል፤ እሱንም ፈትኖ። ከበሩ ሥር አያ ጅቦ ቁርበት ተነጥፎለት ይቀመጣል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ እዚህ ግን እያወቁት ነው ያነጠፉለት። አያ አንበሶ «በትምህርት ቤት ግቢ ማንም ማንንም እንዳይበላ» ብሎ ዐዋጅ ስላስነገረ፣ አያ ጅቦ መዝጋቢና ፈተና ተቆጣጣሪ ሆኖ ምራቁን እየዋጠ ይውላል።

የምዝገባ ወራት ሲደርስ እናቶች ውሃ መውረጃው ላይ መገናኘታቸው አልቀረም። «እንዴት አደርሽ» ቀርቶ ሰላምታው ሁሉ «ልጅሽን የት ልታስገቢ ነው?» ሆነ።

«የኔዋ ዝላይነሽ አፋፉ ነዋ!» አለች ፍየሊት፣ ጢሟን ወደ ላይ አድርጋ። «ታላቅ እህቷም የእዚያው ናት። ደግሞስ ልጄን ከእባብ ጋር ላስቀምጣት ነው? በጊት፣ አንቺስ?»

«እኔ አንቺ ያልሽውን» አለች በጊት።

ፍየሊት ወደ አህዪት ዞረች። «አንቺስ፣ እመት አህዪት? መቼም ለእናንተ ወንዝ ዳሩ ይበቃል።»

ያቺ «ይበቃል» ከቀጋ እሾህ ይልቅ ወጋች። አህዪት ውሃ ልትጠጣ ጎንበስ እንዳለች ቀና አለችና፣ ልቧ ሳይመክርበት አፏ ቀደመ።

«ማን ነው ይበቃል ያለው? ልጄ አፋፉ ነው የምትገባው!»

እንግዲህ ቃል ከወጣ ወጣ። አህዪት በቀጥታ ጦጢት ዘንድ ሄደች። ጦጢት ዛፍ ላይ ሆና የሰውንም የአውሬውንም ነገር ስለምትሰልል የአምናው ፈተና አላት ተብሎ ይወራ ነበር። እውነትም አላት።

«አምና የተፈተኑት ይኼን ነው» አለች ጦጢት፣ ከቅርንጫፍ ተንጠልጥላ። «ሦስት ድንጋይ ተራ በተራ መዝለል። ከግራር ጫፍ ቅጠል መቀንጠስ። ሲጠሩ ዝም ብሎ ቆሞ ማጎንበስ። ደግሞ ልብ በዪ፤ ያለፉት ሁሉ ጆሯቸው አጭር ነበር።»

«ጆሮ ይፈተናል?»

«አይፈተንም። ግን ይታያል።»

አህዪት ነገሩ ገባት፤ ወይም የገባት መሰላት። የሚያልፉት ፍየሎች ከሆኑ መፍትሔው ልጅን ፍየል ማድረግ ነው! ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡሊት ከሣር ተከለከለች፤ ከግራር ቅጠል ጋር ተዋወቀች።

«እማዬ፣ ምላሴ ደማ።»

«ትምህርት ነው፣ ልጄ። ዋጪው።»

ጆሮዎቿን በቄጤማ ጠፍራ ወደ ኋላ አሰረቻቸው። ጠዋት ድንጋይ ዝላይ፣ ከሰዓት ድንጋይ ዝላይ ሆነ። ማናፋት ክልክል ነው ተባለ፤ በምትኩ «ሜ» ማለት ተለማመደች። ከጉሮሮዋ የወጣው ድምፅ ግን የአህያም የፍየልም አልሆነም፤ በጊት ከሩቅ ሰምታ ልጆቿን ሰብስባ ቤቷ ገባች።

ቡሊት ደግሞ አንድ ልማድ ነበራት። ስትጨነቅ በፊት እግሯ መሬት ትጭራለች። ከዝላይ እረፍት ባገኘች ቁጥር ወደ ቁልቁለቱ ሄዳ አሸዋውን ጫር ጫር ታደርጋለች፣ አፍንጫዋን ጉድጓዱ ውስጥ ትከታለች፣ ደስ ይላታል።

«እግርሽን ሰብስቢ!» ትላታለች እናቷ። «አፋፉ ላይ እንዲህ ያለ ብልግና የለም። እዚያ ላይ መቆፈር አይቻልም፤ ድንጋይ ነው!»

ባሏ አንገቱን ነቀነቀ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። አፋፉ ሥር የእናትና የልጅ መዓት ተሰልፏል። አያ ጅቦ ቁርበቱ ላይ ተዘርፍጦ ይመዘግባል። የአህዪትና የቡሊት ተራ ሲደርስ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ስም?»

«ቡሊት።»

«የእናት ሥራ?»

«ጭነት።»

«ክብደቷስ?»

«ክብደት ለትምህርት ምን ይሠራል፣ አያ ጅቦ?»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ለ… ለመዝገቡ ነው እንጂ እኔስ ምን ቸገረኝ! ታፋዋ ግን እግዜር ይባርከው። ግቡ።»

እመት ቀበሮ ጭራዋን አበጥራ ከትልቅ ቋጥኝ ላይ ቆማለች። «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ውድ ወላጆች» አለች፣ ጥርሷ እስኪታይ ፈገግ ብላ። «ዘንድሮ ድንጋዩ አራት ሆኗል። ሦስቱን ሁሉም እያጠና መጣብንና።»

ዝላይነሽ አራቱን ድንጋይ እያዛጋች ወጣች። ምን ይደንቃል? ፍየል ናት። የሚዳቋ ልጅ በረረ። የበጊት ግልገል አንደኛው ድንጋይ ላይ ተንሸራታ ወደቀችና «እምባ!» ብላ ተነሣች፤ ግን ስታጎነብስ አንገቷ ሲያምር! ቡሊት ተራዋ ሲደርስ አንዱን ዘለለች። ሁለተኛውን ዘለለች። ሦስተኛው ላይ ጉልበቷ ተላጠ። አራተኛውን በጉልበቷ ሳይሆን በእልህ ወጣችው። ከግራሩም ቅጠል ቀነጠሰች።

ስም መጥራት ተጀመረ። አንድ፣ ሁለት እያሉ አሥራ አንድ ደረሱ። አንድ ቦታ ቀረ። እመት ቀበሮ ዓይኗን በቡሊት ላይ ጣለች፤ «እስቲ ወደ ፊት ቅረቢ» አለቻት። ቡሊት ቀረበችና እንደ ተማረችው አጎነበሰች።

ያኔ ቄጤማው ተበጠሰ።

ሁለቱ ጆሮዎቿ በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ፤ አንዱ የእመት ቀበሮን አፍንጫ ገረፈው። ቡሊት ደንግጣ፣ የሦስት ወር የታፈነውን ሁሉ አንድ ላይ አናፋችው። የገደሉ ማሚቶ ተቀብሎ ሦስት ጊዜ መለሰው። አፋፉ በሳቅ ፈረሰ።

«አሥራ ሁለተኛ» አለች እመት ቀበሮ አፍንጫዋን እያሻሸች፣ «የበጊት ግልገል።»

አህዪት ሕዝቡን እየገፋች መጣች። «እመት ቀበሮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጄ አራቱንም ድንጋይ ወጥታለች እኮ! ጉልበቷን ይዩልኝ። የበጊት ልጅ አንደኛውንም አልወጣች።»

እመት ቀበሮ ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ ማር በሚመስል ድምፅ፣ ሁሉ እንዲሰማት ሆና መለሰች።

«ውይ፣ እመት አህዪት! ለእሷው አዝኜ እኮ ነው። ለምን በከንቱ ትድከም? አህያ ተማረች አልተማረች ጭነቷ ያው ነው።»

ፍየሊት ሳቀች። በጊት ፍየሊት ስለሳቀች ሳቀች። አያ ጅቦ ነገሩ ሳይገባው ከሁሉ በላይ ሳቀ። አህዪት አፏን ከፈተች፤ መልስ አልመጣላትም። መልስ የሚሉት ነገር ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚመጣው፤ ቤት ገብተን በር ከዘጋን በኋላ ደርሶ ያንኳኳል። የአህዪት መልስ ግን ያን ዕለትም፣ በማግስቱም አላንኳኳም።

በመንገድ ላይ ቡሊት፣ «እማዬ፣ የጣለኝ ጆሮዬ ነው?» አለቻት።

አህዪት ቆመች። ከልጇ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን የቄጤማ ቁራጭ በጥርሷ ነጭታ ጣለችው። «አይደለም፣ ልጄ። ጆሮሽ ምንም አላደረገ። ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ቡሊት ግን በማግስቱ ጠዋት ከወንድሞቿ አጠገብ፣ ከጭነቱ ሥር ሄዳ ቆመች። «ያው አይደል?» አለች። ከአፋፉ ከወረደች ወዲህ አንድም ቀን አላናፋችም። መሬትም መጫር ተወች። አህዪት ይኼን ስታይ ልጇን በትከሻዋ ገፍታ ከጭነቱ ሥር አወጣቻትና ወደ ወንዝ ዳር ነዳቻት።

የኔታ ኤሊ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ትምህርት ቤታቸው ገነት እንዳይመስላችሁ። ስድሳ ልጅ በአንድ ጥላ ሥር ይታፈናል። የጃርት ልጅ ፊት ለፊት ስለሚቀመጥ ከኋላው አምስት ቦታ ባዶ ነው። የከርከሮ ልጆች ጭቃ ውስጥ ካልሆነ አይሰሙም። የኔታ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጀምሩ ጠዋት ከሆነ ሲጨርሱ ምሳ ሰዓት ነው። አህዪት ይኼን ሁሉ አይታ ልቧ ጠቆረ። ግን ወዴት ትሂድ?

«ልጅሽ… ምን… ታውቃለች?» አሉ የኔታ።

«ምንም፣ የኔታ። ወድቃለች።»

«መውደቋን አልጠየቅሁም። እዚህ ያለው ሁሉ ወዳቂ ነው። ሲጨንቃት ምን ታደርጋለች?»

አህዪት አፈረች። «መሬት ትጭር ነበር። ግድ የለም፣ አስጥያታለሁ።»

የኔታ አንገታቸውን ከቅርፋቸው ውስጥ በሙሉ አወጡ፤ ይኼ እሳቸው ዘንድ መሮጥ ማለት ነው። «ማነው አስጥዪ ያለሽ? እስቲ ጫሪልኝ፣ ልጄ።»

ቡሊት እናቷን አየች። እናቷ ምድር ምድሩን አየች። ቡሊት ቀስ ብላ ወደ ቁልቁለቱ ወረደች፣ አሸተተች፣ ትንሽ ፈቀቅ አለችና ጫረች። የኔታ እስኪደርሱ ጊዜ ፈጀ፤ ደርሰው እግራቸውን ከጉድጓዱ ነከሩ።

«ርጥብ ነው» አሉ። «ለምን እዚያ አልጫርሽም? ለምን እዚህ?»

«አላውቅም፣ የኔታ።»

«ደግ። አላውቅም ያለ ተማሪ ካገኘሁ ቆየሁ። ነገ ነይ፤ ለምን እንደሆነ እንማራለን።»

አያችሁ፣ ትምህርቱ ይኼው ነበር። እባቡ ሆዱን አሸዋ ላይ አስተኝቶ የሚቀዘቅዘውን ቦታ ይናገራል። የከርከሮ ልጆች ሥሩ የወፈረውን ሣር ይለያሉ። ቡሊት ከእነሱ ጋር ሆና ትቆፍራለች፣ ትሳሳታለች፣ ደረቅ ጉድጓድ ትደፍናለች፣ እንደገና ትቆፍራለች። የኔታ «ለምን?» እያሉ ይጠይቃሉ። ማታ ጭቃ በጭቃ ሆና ስትመጣ አህዪት፣ «ዛሬስ ምን ተማርሽ?» ትላታለች፤ ቡሊትም ትነግራታለች። ማናፋት ግን ገና አላናፋችም።

በዓመቱ ዝናቡ ቀረ። ወንዙ መጀመሪያ ከሳ፣ ቀጥሎ ተቆራረጠ፣ በመጨረሻ አሸዋ ብቻ ሆነ። እናቶች ውሃ መውረጃው ላይ መገናኘት አቆሙ፤ የሚወርዱበት ውሃ የለማ! የዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ፣ አያ አንበሶ እንደ ልማዱ ተማሪዎችን ሊጠይቅ ከደረቁ ወንዝ መሐል መጥቶ ተቀመጠ። ምላሱ እንደ ቆዳ ደርቋል።

«ዘንድሮ ጥያቄው አንድ ነው» አለ። «ውሃ የት ነው? የአፋፉ ልጆች ይቅደሙ።»

እመት ቀበሮ በጭራዋ ምልክት ሰጠች። ዝላይነሽ ወጣችና ከቋጥኝ ቋጥኝ፣ ከቋጥኝ ጫፍ ዘለለች። «ከላይ ሆኜ አየሁ፤ ውሃ አይታይም» አለች።

«እኔም ከታች ሆኜ አይታየኝም» አለ አያ አንበሶ። «መዝለሉ ግን ድንቅ ነው። የት ተማርሽው?»

«እናቴ ሆድ ውስጥ፣ ጌታዬ።»

«አፋፉ ላይስ ምን ተማርሽ?»

ዝላይነሽ እመት ቀበሮን አየች። እመት ቀበሮ ሰማዩን አየች። የሚዳቋው ልጅ ሮጦ ሄዶ ሮጦ ተመለሰ፤ ከመጠማት በቀር ያመጣው ነገር የለም። የበጊት ግልገል አንገቷን አሳምራ አጎነበሰችና፣ «እኔ ዝላይነሽ ያለችውን» አለች።

«እንዴት ነው ነገሩ?» አለ አያ አንበሶ፤ ጋማው ቆመ። «እነዚህ ዓመት ሙሉ ምን ሲማሩ ነበር?»

ያኔ አያ ጅቦ፣ የተጠየቀ መስሎት፣ ደረቱን ነፍቶ ተነሣ። «ምን ይማራሉ፣ ጌታዬ! እኛ የሚያውቀውን እየመረጥን ነው የምንቀበል። ማስተማር ምን ያደርጋል፣ ያደክማል እንጂ! እመት ቀበሮ ራሷ፣ ‹ቡቃያውን ከሰው ማሳ ከመረጥክ ማረስ አያስፈልግህም› ትለኝ የለ?»

«ዝም በል፣ አንተ ሆዳም!» አለች እመት ቀበሮ በጥርሷ መሐል።

«እውነት አይደለም እንዴ? አንቺ አይደለሽ ያልሽው?»

አያ አንበሶ ወደ ወንዝ ዳር ልጆች ዞረ። «መምህራችሁ የት አሉ?»

«እየመጡ ነው፣ ጌታዬ» አለች ቡሊት። «ትናንት ተነሥተዋል።»

የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። ቡሊት ግን ሳቁን አልጠበቀችም፤ ሥራ ነበራት። እባቡ ሆዱን አሸዋው ላይ ጎተተ፤ አንድ ቦታ ሲደርስ፣ «እዚህ ቀዝቀዝ ይላል» አለ። የከርከሮ ልጆች ሥር ቆፍረው አዩና፣ «ወፍሯል» አሉ። ቡሊት አፍንጫዋን አቀረበች፤ ረጅም ጆሮዎቿን አሸዋው ላይ አስተኛች፤ ሁለት ክንድ ያህል ፈቀቅ አለች። ከዚያ መጫር ጀመረች።

አህዪት ከእናቶች መሐል ቆማ ታያለች። «እግርሽን ሰብስቢ» ያለችበትን ቀን ሁሉ እያስታወሰች ምድር ብትውጣት ወደደች።

አሸዋው ተዛቀ። ደረቅ። ፍየሊት ጉሮሮዋን ጠረገች። አሁንም ተዛቀ። የቡሊት ትከሻ ጠለቀ፣ ከዚያ ጆሮዋ ብቻ ቀረ። ከዚያ ጆሮዋም ጠፋ። ከጉድጓዱ ውስጥ «ጭልቅ» የሚል ድምፅ መጣ።

ቡሊት አፍንጫዋ ጭቃ፣ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ወጣች። አያ አንበሶ ሊጠጣ ሲያጎነብስ፣ እሷ አንገቷን ወደ ሰማይ አነሣችና፣ ውሃ መገኘቱን ያልሰማ እንዳይቀር፣ አናፋች። ከአፋፉ እስከ ቆላው ተሰማ። «ሜ» የሚባል ነገር አንዲት ጠብታ አልነበረበትም። አህዪት ዓይኗ ውስጥ አቧራ ገባብኝ አለች። ባሏ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ሳይነቀንቅ ቀረ።

የኔታ ኤሊ በማግስቱ ደረሱ። ውሃውን ቀመሱና፣ «ትንሽ… ወደ ግራ… ቢሆን ይበልጥ ይጠራ ነበር» አሉ።

ሳምንት ሳይሞላ እመት ቀበሮ አህዪት ደጅ ድረስ መጣች። ከኋላዋ አያ ጅቦ የእጅ መንሻ ሣር በአፉ፣ በቁርበት የተሸፈነ ሰሌዳ በጀርባው ተሸክሞ ይከተላል። ወሬ ሸትቷት ፍየሊትም መጥታለች፤ ፍየሊት ስለመጣች በጊትም መጥታለች።

«እህቴ፣ እመት አህዪት!» አለች እመት ቀበሮ። «ያቺ የእኛ ልጅ ደህና ናት?»

«የእናንተ የትኛዋ?» አለች አህዪት። አንቱታውን ከተወች ሰንብታለች።

«ቡሊት ነዋ! ፈተናውን የወሰደችው እኛ ዘንድ አይደል? አራቱን ድንጋይ ስትወጣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«ያን ቀን ዓይንሽ የት ሄዶ ነበር?»

«ያን ቀንማ ጆሮዋ ጋርዶኝ! ምን መሰለሽ፣ ልዩ ቦታ አዘጋጅተንላታል። ለአንድ ወር መጥታ ትቀመጥልን። ትምህርቱንስ ከፈለገች እዚያው የኔታ ዘንድ ትማር፤ እኛ ስሟን ብቻ ነው የምንፈልገው። በሩ ላይ ‹ውሃ ያገኘችው ቡሊት የዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ናት› ብለን ብንጽፍ…»

«ጽፈነዋል እኮ!» አለ አያ ጅቦ፤ አፉን ሲከፍት ሣሩ ወደቀ። ቁርበቱን ገፈፈና ሰሌዳውን ገልብጦ አሳየ። እመት ቀበሮ እግሩን ረገጠችው።

«ዕድል ነው፣ እመት አህዪት!» አለች ፍየሊት። «ልጅሽ የአፋፉ ናት ብትባል የማን ክብር ነው?»

«የማን ክብር ነው?» አለች በጊት።

እውነቱን ለመናገር የአህዪት ልብ አንድ ጊዜ ብድግ አለ። ውሃ መውረጃው ላይ ቆማ «የኔዋ አፋፉ ናት» ስትል ራሷን አየች። ጣዕሙ እስከ ጉሮሮዋ ወረደ። ከዚያ ቁልቁል ወደ ጉድጓዱ ተመለከተች። ቡሊት የበጊትን ግልገል ቀዳዳው አፍ ላይ አቁማ፣ «ለምን እዚህ የሆነ ይመስልሻል?» ትላታለች። ግልገሏ ለመጀመሪያ ጊዜ የማንንም ፊት ሳታይ ታስባለች።

«ቡሊት!» ብላ ተጣራች አህዪት። «አፋፉ ላይ ነይ ይሉሻል። ምን ትያለሽ?»

ቡሊት ሽቅብ ወደ ገደሉ አየች፤ ከዚያ የፊት እግሯን።

«እዚያ ላይ መቆፈር አይቻልም፣ እማዬ» አለች። «ድንጋይ ነው።»

ያኔ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ የነበረው መልስ ደረሰና አንኳኳ። አህዪት ጆሮዎቿን ሁለቱንም አቁማ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ እንዲህ አለቻት፦

«ከጠማሽ ወርደሽ ጠጪ፣ እመት ቀበሮ፤ ጉድጓዱ የመግቢያ ፈተና የለውም። አህያ ተማረች አልተማረች ጭነቷ ያው ነው ብለሽኝ ነበር፤ እውነትሽን ነው፣ ልጄ ብዙ ትሸከማለች፤ የአንቺን ትምህርት ቤት ስም ግን አትሸከምም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለልጃችን ትምህርት ቤት ስንመርጥ በሩ ስንቱን እንደመለሰ ሳይሆን የገባውን ልጅ ምን አድርጎ እንደሚያወጣው መጠየቅ እንዳለብን ነው።